ቡና ተፈልቶ የሚቀበሉት ሌባ፦ ሰፈራችንን ከሰው ነጋዴዎች እንዴት እንጠብቅ?



ስለ ሰፈር ደኅንነት ሲነሣ አብዛኞቻችን የምናስበው ስለ ሌሊት ሌባ ነው። አጥር እናጥራለን፣ ውሻ እናሳድጋለን፣ ለዘበኛ ገንዘብ እናዋጣለን። ከብት ከበረት ቢጠፋ መንደሩ በሙሉ ዱካ ተከትሎ ይወጣል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ይሁን እንጂ በጊምቢቹም ሆነ በሆሳዕና፣ በሾኔም ሆነ በዱራሜ ከየቤቱ ከሁሉ የከበረውን የሚወስደው ሌባ በሌሊት አይመጣም። በቀን ይመጣል። በሩን አንኳኩቶ ይገባል፤ ወንበር ይቀርብለታል፤ ቡና ይፈላለታል። ብዙ ጊዜ ዘመድ ወይም የዘመድ ጓደኛ ነው። ሲወጣ የመሬታችሁን ወይም የበሬዎቻችሁን ዋጋ በኪሱ፣ የልጃችሁን የመንቀሳቀሻ ቀን በአእምሮው ይዞ ይሄዳል። እኛም በሩ ድረስ እንሸኘዋለን።

ይህ ሰው ልጆቻችንን በሕገወጥ መንገድ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚልከው ደላላ ነው። በዚህ ጽሑፍ ሥራው እንዴት እንደሚከናወን፣ ለምን ከዓይናችን እንደሚሰወር፣ እንዲሁም በቤት፣ በእድርና በቤተ ክርስቲያን ልናደርገው ስለምንችለው ጥበቃ እንመለከታለን።

የሆነውን እናስታውስ

ሰኔ 19 ቀን 2004 ዓ.ም. በታንዛኒያ ዶዶማ ክልል ከ40 በላይ ኢትዮጵያውያን ሞተው ተገኙ። በጭነት መኪና ውስጥ ታፍነው የሞቱ ሲሆን አስከሬናቸው ጫካ ውስጥ ተጥሎ ነበር።

መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ ክፍለ ሀገር ከማላዊ የተነሣ የጭነት መኪና ተያዘ። ኮንቴይነሩ ሲከፈት ውስጡ 78 ኢትዮጵያውያን ነበሩ። 64ቱ ሞተዋል፤ በሕይወት የተገኙት 14 ብቻ ናቸው።

በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በማላዊ ምዚምባ ወረዳ ኢትዮጵያውያን ናቸው የተባሉ ከ25 በላይ ሰዎች የተቀበሩበት የጅምላ መቃብር ተገኘ። ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በዛምቢያ ዋና ከተማ በሉሳካ አቅራቢያ ንግዌሬሬ በተባለ ስፍራ የ27 ሰዎች አስከሬን መንገድ ዳር ተጥሎ ተገኘ። እነዚህም የኛው አገር ልጆች ነበሩ።

ሁሉም ከሐዲያና ከከምባታ የሄዱ ናቸው ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ይህ መንገድ በብዛት የማን ልጆች የሚሄዱበት እንደሆነ ለዚህ አካባቢ ሰው መንገር አያስፈልግም። ዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ጥናት ከምሥራቅ አፍሪካ፣ በተለይ ከኢትዮጵያና ከሶማሊያ፣ በየዓመቱ ከ17,000 እስከ 20,000 የሚገመቱ ወንዶች በአሻጋሪዎች እጅ ወደ ደቡብ አፍሪካ እንደሚጓዙ ገልጿል።

በኮንቴይነር ውስጥ ሰው ለምን እንደሚሞት ለልጆቻችን በግልጽ ማስረዳት አለብን። ኮንቴይነር ለዕቃ የተሠራ የብረት ሳጥን ነው፤ የሚዘጋውም ከውጭ ነው። በውስጡ ያለው አየር ለዚያ ሁሉ ሰው አይበቃም፤ ፀሐይ ሲመታው ደግሞ እንደ ምጣድ ይግላል። ሹፌሩ ኬላ ስለሚፈራ በመንገድ ላይ አይከፍትም። ውስጥ ያሉት ብረቱን ቢደበድቡ እንኳ የሚሰማቸው ያው የሚፈራው ሰው ነው። ጠንካራ ጎረምሳ መሆን እዚህ ላይ አያድንም፤ አየር ሲያልቅ ለሁሉም ያልቃል።

ደርሰው የተረፉትም ቢሆኑ ሥጋት አይለቃቸውም። በግንቦት 2008፣ በሚያዝያ 2015 እና በመስከረም 2019 እ.ኤ.አ. በደቡብ አፍሪካ በውጭ አገር ዜጎች ላይ በተነሣው ጥቃት የብዙ ኢትዮጵያውያን ሱቅ ተዘርፏል፣ ተቃጥሏልም። በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የጆሃንስበርግ ፖሊስ በአንድ መኖሪያ ቤት ውስጥ ተዘግቶባቸው የነበሩ 26 ኢትዮጵያውያንን አስለቅቋል። የተገኙት ልብስ ሳይለብሱ ነበር። ልብሳቸው የተወሰደባቸው እንዳያመልጡ ነው።

በሌላ በኩል እውነቱን መደበቅ አይገባም። ደርሰው የሠሩ፣ ወላጆቻቸውን የጦሩ፣ ታናናሾቻቸውን ያስተማሩ፣ ቤት ያሠሩ ወንድሞችና እህቶች አሉ። በሆሳዕና ከተማ ከቆሙት ፎቆች አንዳንዶቹ የእነርሱ ላብ ናቸው። መሬቱ ጠባብ፣ ሕዝቡ ብዙ፣ ሥራው ጥቂት በሆነበት አካባቢ ወጣቱ ወደ ውጭ መመልከቱ ኃጢአት አይደለም። ደላላው የሚነግደውም በዚሁ እውነት ነው። የደረሰውን ያሳያችኋል፤ በመንገድ የቀረውን ግን አያሳያችሁም።

ደላላው እንዴት ይሠራል?

ሥራው ቅብብሎሽ ነው። ጊምቢቹ ላይ ቡና የጠጣው ሰው ልጃችሁን እስከ መጨረሻው አያደርስም። እስከ ሞያሌ ያለው ሰው ሌላ ነው፤ በኬንያ ሌላ፣ በታንዛኒያ ሌላ፣ በማላዊ ወይም በሞዛምቢክ ደግሞ ሌላ ይረከባል። በእያንዳንዱ ርክክብ ዋጋው ሊጨምር ይችላል። የሰፈራችሁ ደላላ «እኔ ኃላፊነት እወስዳለሁ» ሲል ኃላፊነቱ የሚያበቃው ልጁ ከዓይኑ ሲርቅ ነው።

የክፍያውንም ስልት ልብ በሉ። «ግማሹን አሁን፣ ግማሹን ሲደርስ» ይባላል። ይህ ለወላጅ ዋስትና ይመስላል፤ በተግባር ግን ልጁ ራሱ የገንዘቡ መያዣ ሆነ ማለት ነው። ቀሪው እስኪከፈል ድረስ በማያውቀው አገር፣ በማያውቃቸው ሰዎች እጅ ይቆያል። አንድ ቀን ስልክ ይደወላል፤ የልጁ ለቅሶ ይሰማል፤ ተጨማሪ ገንዘብ ይጠየቃል። ቤተሰቡም የቀረውን መሬት ይሸጣል፣ ወይም አራጣ ይበደራል። አራጣ ማበደር በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ የሚያስቀጣ ቢሆንም በጭንቅ ቀን ብዙ ሰው እዚያ በር ላይ ይቆማል።

በሕጋችን ሁለት ነገሮች ተለይተው ተቀምጠዋል። አንዱ ሰውን በሕገወጥ መንገድ ድንበር ማሻገር ነው። ሌላው በሰው መነገድ ነው፤ ይህም ሰውን በማታለል ወይም በማስገደድ ይዞ መበዝበዝ ማለት ነው። አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ሁለቱንም ወንጀል ያደርጋቸዋል፤ ስለ ተጎጂዎች ጥበቃም ይደነግጋል። በእኛ መንገድ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ግን አንደኛው ወደ ሁለተኛው መለወጡ ነው። ልጁ ከቤት ሲወጣ ተሻጋሪ ነበር፤ ኬላውን ሲያልፍ ዕቃ ሆነ።

ለምን አናየውም?

በዘፍጥረት 37 ላይ የዮሴፍን ታሪክ ሁላችን እናውቀዋለን። በግብፅ ገበያ ከመታየቱ በፊት የተሸጠው በወንድሞቹ እጅ ነበር፤ ዋጋውም 20 ብር ነበር። ወንድሞቹ እርሱን ጉድጓድ ውስጥ ጥለው እንጀራ ሊበሉ ተቀምጠው ሳለ ነጋዴዎቹ አለፉ። አባትየው ያየው በደም የተነከረ ልብስ ብቻ ነው። ታሪኩን ስንሰብክ የምናተኩረው በመጨረሻው ክብር ላይ ነው። ይሁን እንጂ ዮሴፍ ከብሮ መገኘቱ ወንድሞቹ የሠሩትን ትክክል አላደረገውም። በዘጸአት 21፥16 የተጻፈው ሕግ ሰውን ሰርቆ በሚሸጥ ላይ ከሁሉ የከበደውን ፍርድ የሚጥለውም በከንቱ አይደለም።

እኛም ደላላውን የማናየው በቤተሰብ ፈቃድ ስለሚሠራ ነው። ስርቆት ሲሆን የምንጮኽ፣ «ዕድል» ሲባል ዝም እንላለን። ጎረቤት ሲሸጥ ካየን «እኔን ምን አገባኝ» እንላለን። አንዳንዴም የጎረቤታችን ልጅ ገንዘብ መላኩን አይተን የራሳችንን ልጅ «አንተስ ምን ተቀምጠህ ታደርጋለህ?» ብለን የምንገፋው እኛው ነን።

በቤተ ክርስቲያን በኩልም ራሳችንን እንመርምር። የሐዲያን ስደት ያጠኑ ተመራማሪዎች እንደጻፉት፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ሆሳዕና ላይ አንድ የውጭ አገር አገልጋይ ወደ ደቡብ በር እንደሚከፈት ተናግሯል የሚለው ትዝታ ለብዙዎች ጉዞ ትልቅ ድፍረት ሆኗል። ዛሬም ከመንገድ በፊት ጸሎት የሚያስደርግ፣ «ተሳካልህ ተብያለሁ» ብሎ የሚሄድ ወጣት አለ። ተርፎ የደረሰው ይመሰክራል፤ ያልደረሰው መድረክ ላይ ወጥቶ የሚናገር አፍ የለውም። ከዚያ የሚላከው ስጦታ ለአጥቢያችን ቆርቆሮና ሲሚንቶ ገዝቶ ከሆነ ደግሞ ስለ መንገዱ አደጋ በግልጽ መናገር ይከብደናል። ትንቢት በእግዚአብሔር ቃልና በማስተዋል የሚመረመር እንጂ የደላላ ማስታወቂያ የሚሆን አይደለም። በምሳሌ 22፥3 እንደተማርነውም ክፉን አስቀድሞ አይቶ መሸሸግ የአስተዋይ ሰው ምልክት እንጂ የእምነት ማነስ አይደለም።

በቤታችን ምን እናድርግ?

1. ወሬው ከተጀመረ ቀን ጀምሮ በግልጽ ተነጋገሩ። የሚሄዱት ብዙዎቹ ወጣቶች ገና ተማሪዎች ናቸው። ልጁ ትምህርት ከተወ፣ ስልክ ተደብቆ የሚያወራ ከሆነ፣ በድንገት ፓስፖርት ወይም መታወቂያ የሚያወጣ ከሆነ፣ የራሱን ዕቃ የሚሸጥ ከሆነ ጠይቁት። በቁጣ አትጠይቁት፤ የተቆጣችሁት ልጅ ሳይነግራችሁ ይሄዳል። ሴቶች ልጆችንም አትርሱ። «እዚያ ያለ ሰው ሊያገባሽ ይፈልጋል» ተብለው በዚያው መንገድ የሚላኩ እህቶች አሉ፤ በመንገድ የሚያገኛቸው ግፍም የከፋ ነው።

2. ደላላውን አምስት ነገር ጠይቁት። በየትኞቹ አገሮች ያልፋል? በእያንዳንዱ አገር ቪዛ አለው ወይ? ከአንተ በኋላ የሚረከበው ማን ነው፣ ስሙና ስልኩስ? ቢታሰር ማን ያስፈታዋል? ለምቀበልህ ገንዘብ በምስክር ፊት ትፈርማለህ ወይ? እውነተኛ የሥራ ጉዞ ለእነዚህ መልስ አለው። ሰውየው ቢቆጣ፣ «በእኔ እምነት የለህም ወይ» ቢል፣ ወይም «ዛሬ ካልሆነ ዕድሉ ያልፋል» ብሎ ቢያጣድፍ መልሱን አግኝታችኋል።

3. ሕጋዊውን መንገድ እወቁ። በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት ለውጭ አገር ሥራ የሚላክ ሰው ቢያንስ 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፤ የሚላከውም ከኢትዮጵያ ጋር ስምምነት ወዳለው አገር ነው፤ የሚያገናኘው ኤጀንሲም ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። የቪዛና የደርሶ መልስ ትራንስፖርት ወጪ የአሠሪው ነው፤ ሠራተኛው የሚሸፍነው እንደ ፓስፖርትና የሕክምና ምርመራ ያሉትን ነው። ስለዚህ መሬት የሚያሸጥ ክፍያ ከተጠየቃችሁ ነገሩ ሌላ ነው። «ሕጋዊ ነው» የሚላችሁ ካለ ገንዘብ ሳትሰጡ የወረዳውን የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።

4. ዋጋውን አስሉ። ጌታችን በሉቃስ 14፥28 ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚቆጥር አስተምሯል። ለደላላ የሚከፈለውን ገንዘብ በወረቀት ጻፉ። ከጎኑ በዚያው ገንዘብ እዚሁ ምን ሊሠራ እንደሚችል ጻፉ፤ ከብት ማድለብ፣ ወፍጮ፣ ባጃጅ፣ የቆጮና የቅቤ ንግድ፣ የሙያ ሥልጠና። ትርፉ እንደ ጆሃንስበርግ ላይሆን ይችላል። ነገር ግን ቢከስር እንኳ ልጁ በቤት አለ።

በእድራችንና በመንደራችን

እድር የተቋቋመው ለቀብር ቢሆንም ሰው ሳይሞት ስለ ሕይወት የሚነጋገርበት ሸንጎም ሊሆን ይችላል። በየወሩ ስብሰባ ላይ አጭር ጊዜ ለዚህ ጉዳይ ስጡ። ከመንገድ የተመለሱ ወጣቶች ካሉ፣ ፈቃደኛ ከሆኑ፣ ያዩትን ይናገሩ። ከመቶ ስብከት ይልቅ በታንዛኒያ እስር ቤት የቆየ የሰፈር ልጅ ይሰማል። በተመላሾች ላይ አናሹፍባቸው። «ገንዘብ በልቶ ባዶ እጁን መጣ» የሚለው ንግግር ብዙዎችን ለሁለተኛ ጊዜ ወደዚያው መንገድ መልሷቸዋል።

በሰፈሩ ወጣቶችን የሚሰበስብ፣ ገንዘብ የሚቀበል ሰው መኖሩን ካወቃችሁ ለወረዳው ፖሊስ አመልክቱ። ስሙን፣ የስልክ ቁጥሩን፣ ገንዘብ የተቀበለበትን ቀንና የባንክ ሒሳብ ቁጥሩን መዝግቡ። ብቻችሁን ለመሄድ ከፈራችሁ ሦስት አራት ሆናችሁ ከሽማግሌ ጋር ሂዱ። ነገር ግን በራሳችሁ እጅ ፍርድ አትስጡ፤ ሰው አትደብድቡ፤ በጥርጣሬ ብቻም የሰው ስም አታጥፉ። ከብዙዎች ዘንድ ሌላም ችግር አለ። ልጁ ሲሞት ወይም ሲጠፋ ደላላው በሽማግሌ በኩል ጥቂት ገንዘብ ይዞ ይመጣና ነገሩ በእርቅ ያልቃል። እርቅ የተባረከ ነገር ነው። ነገር ግን ወንጀልን ከሕግ የሚሸሽግ እርቅ የሚቀጥለውን ልጅ አሳልፎ ይሰጣል።

በቤተ ክርስቲያን

የአጥቢያ ሽማግሌዎችና መጋቢዎች ሆይ፣ ለመንገድ ጸሎት የሚጠይቅ ወጣት ሲመጣ እጃችሁን ከመጫናችሁ በፊት አስቀምጡትና ጠይቁት። በምን ትሄዳለህ? ወላጆችህ ያውቃሉ? ብድሩን ማን ይከፍላል? ጸሎት መከልከል አያስፈልግም፤ ነገር ግን ጸሎታችን ለኮንቴይነር የይለፍ ወረቀት እንዳይሆን እንጠንቀቅ። በሰንበት ትምህርትና በወጣቶች ኅብረት ስለዚህ ወንጀል ይነገር። ከምስክርነት መድረክ ጎን ልጆቻቸው ላልደረሱላቸው እናቶችም ስፍራ ይኑር። ለሕንፃ የምናዋጣውን ያህል እንኳ ባይሆን፣ ለሥራ መጀመሪያ የሚሆን አነስተኛ የቁጠባና ብድር ቡድን ማቋቋም ከብዙ አጥቢያዎች አቅም በላይ አይደለም።

ስልኩ ከተደወለስ?

ልጁ ተይዞ ገንዘብ ከተጠየቃችሁ የተደወለበትን ቁጥር፣ ሰዓቱንና የተባለውን ሁሉ ጻፉ። ልጁን ራሱን ለማነጋገርና ያለበትን አገርና ከተማ ለማወቅ ሞክሩ። ገንዘብ አስገቡ የተባላችሁበትን የሒሳብ ቁጥር ያዙ፤ ገንዘብ ተቀባዩ ብዙ ጊዜ እዚሁ አገር ውስጥ ስለሚሆን ለፖሊስ ትልቁ ፍንጭ ይህ ነው። ሳትዘገዩ ለፖሊስ አመልክቱ። የተላከው ገንዘብ ሁልጊዜ ልጁን አያስለቅቅም፤ «ይከፍላሉ» የተባለ ቤተሰብ ደግሞ በድጋሚ ይጠየቃል። ከመወሰናችሁ በፊት ብቻችሁን አትቀመጡ፤ ዘመድና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ይኑር። ደብዳቤ፣ ደረሰኝ፣ ፎቶግራፍና የስልክ መልእክት አታጥፉ። ሁሉም ማስረጃ ነው።

ይህ ሊለወጥ ይችላልን?

«ሁሉም ሰው የሚያደርገውን ማን ያቆመዋል?» የሚል ይኖራል። ከጎረቤታችን ከከምባታ እንማር። የሴት ልጅ ግርዛትና ጠለፋ በዚያ ለዘመናት የኖሩ ልማዶች ነበሩ። ቦጋለች ገብሬ የምትባል የዚያው አገር ልጅ እ.ኤ.አ. በ1997 ከእኅቷ ጋር አንድ ድርጅት መሠረተች። የመረጠችው መንገድ ሽማግሌውን፣ እናቱን፣ ወጣቱንና የሃይማኖት መሪውን በአንድነት አስቀምጦ በየጊዜው ማወያየት ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይህ ልማድ በአካባቢው እጅግ ቀነሰ፤ ሥራዋም በዓለም ዙሪያ ታወቀ። እርሷ በ2012 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ብትለይም ያሳየችን ነገር ቀርቷል። ሰው ሁሉ ዝም ያለበት ነገር፣ ሰው ሁሉ መነጋገር ሲጀምር ይሸነፋል።

በነህምያ 4 ላይ የኢየሩሳሌምን ቅጥር የሚሠሩት ሰዎች ጠላት ሲዛትባቸው ወደ አምላካቸው ጸለዩ፤ በዚያው ጊዜ ደግሞ ቀንና ሌሊት ዘብ አቆሙ። አንዱ ሌላውን አላስቀረም። በየወገናቸው ሆነው ቆሙ፤ ለወንድሞቻቸውና ለልጆቻቸው፣ ለሚስቶቻቸውና ለቤቶቻቸው። በዚህ ምድር ጸሎት አልጎደለንም፤ የጎደለን ዘብ ነው። ዘቡም ሌላ ሰው አይደለም። ደላላው በሚቀጥለው ጊዜ ወደ ቤታችሁ ሲመጣ ቡናው ከመፍላቱ በፊት ጎረቤት ጥሩ፣ ሽማግሌ ጥሩ፣ ጥያቄዎቹንም በፊታቸው ጠይቁት።

እግዚአብሔር አምላክ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ ለእኛም የምንጠብቅበትን ማስተዋል ይስጠን። ተባረኩ።